ሰርቦ አካባቢ ያለ ትልቅ የመስኖ እርሻ ልናስተላልፍ ነው፤ ውሃውን እንዴት አድርገን እናስረክብ?

የሰርቦ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰባችን ከሰርቦ ወጣ ብሎ፣ ወደ ግልገል ጊቤ የሚገባ ወንዝ ዳር 140 ሄክታር እርሻ አለው። 80 ያህሉ በመስኖ ይለማል። በበጋ ስንዴና ቀይ ሽንኩርት፣ በክረምት በቆሎ እናመርታለን። ተዳፋቱ ላይ ምርት መስጠት የጀመረ ሃስ አቮካዶ አለ። መሬቱ በአባቴ ስም በሊዝ የተወሰደ ነው፤ የውሉ ዘመን ገና ብዙ ይቀረዋል። አባዬ ስኳርም ጉልበቱም እያስቸገሩት ቦይ ለቦይ መዞር አቅቶታል። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ እኔ ጅማ ከተማ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ተመካክረን እናስተላልፈው ብለናል።

መሬት እንደማይሸጥ እናውቃለን። የምናስተላልፈው የሊዝ መብቱንና አባዬ እዚያ ላይ ያፈራውን ነው፦ መጥለፊያ ግድቡን፣ በሲሚንቶ የተሠራውን ዋና ቦይ፣ መጋዘኑን፣ የሠራተኛ ካምፑን፣ ፓምፖቹን፣ ትራክተሩን፣ አቮካዶውን። የመጣው ደላላ ግን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሜዳውን አየና በሄክታር ይህን ያህል ብሎ ዋጋ ጠራ። ወደ ግድቡ እንሂድ ስለው ጫማው እንዳይጨቀይ ፈራ። ያለዚያ ግድብ እርሻው ከጥቅምት በኋላ ደረቅ ሜዳ ነው!

ከዋጋው በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ከእኛ በታች በዚያው ውሃ ጎመን፣ ድንችና ሽንኩርት የሚያለሙ ሠላሳ ያህል አባወራዎች አሉ። አባዬ ግድቡን ሲያሠራ የብረት በሩ ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ እንኳ ወንዙ እንዳይቋረጥባቸው ግንበኛውን ከበሩ ጎን አንድ ክንድ ስፋት ያለው ክፍተት አስተውቶታል። ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ደግሞ የቦዩ ውሃ ሙሉ በሙሉ የእነሱ ነው። ይህ በሽማግሌ ፊት በእጅ ጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ነው፤ አንዱ ቅጂ እኛ ዘንድ፣ ሌላው የውሃ አባታቸው (ውሃውን በተራ የሚያካፍሉት ሰው) ዘንድ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት በውሃ ተካሰን አናውቅም። ክረምት ላይ ግድቡ ደለል ሲሞላ ዳዶ (የጋራ ሥራ) ጠርተው የሚጠርጉልን እነሱ ናቸው። ከሊሙ በኩል የመጣ አንድ ገዢ ክፍተቱን አይቶ፣ «ይሄንን እደፍነዋለሁ፣ ለገበሬው ፓምፕ እገዛለታለሁ» አለ። ናፍጣውን በየሳምንቱ ማን ሊገዛላቸው ነው?

የምጠይቃችሁ ዋጋው እንዴት ቢወጣ ውሃው ይቆጠርልናል? ገዢውን በዚህ ስምምነት በሕግ ማሰር ይቻላል? ወንድሜ እንደሚለው አቮካዶውን ለብቻ፣ ሜዳውን ለብቻ ብናስተላልፍስ? ይህን መንገድ ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የብድር ሠራተኛ የነበረ፦

እህቴ፣ የእርሻ ብድር ላይ ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ከወረቀቱ ልጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በጉልበትና በገንዘብ መሬቱ ላይ የተገነባ ንብረትና የተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ግን የባለቤቱ ነው፣ ሊሸጥም ሊያወርስም ይችላል። ግድቡና ቦዩ ቋሚ ማሻሻያ ናቸው። ስለዚህ በውሉ ላይ አንድ ድምር ዋጋ አይጻፍ። ግድቡ፣ ቦዩ፣ መጋዘኑ፣ አቮካዶው፣ ማሽኑ ለየብቻቸው ተገምተው ይዘርዘሩ። ገማች መሐንዲስ ያስፈልግዎታል፤ የደላላ ግምት ለዚህ አይሆንም።

የሊዝ መብቱ የሚተላለፈው አከራዩ መሥሪያ ቤት ሲፈቅድ ነው። የሊዝ ውላችሁን አውጥታችሁ ስለማስተላለፍ የሚለውን አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡ፤ የገጠር መሬት አዋጁም በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ስለተተካ በድሮው አዋጅ የሚመክራችሁን አትስሙ። መብቱ በብድር መያዣነት ተይዞ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ሳይለቅ የትም አትደርሱም።

አደራ የምልዎት ቀብድ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ካፈረሰ ግን እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አልፈቅድም ቢል ጭቅጭቁ የት እንደሚደርስ አስቡት። ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይመጣ ገንዘብ አይንኩ፤ መንካት ግድ ከሆነም «ፈቃድ ካልተገኘ ቀብዱ እንዳለ ይመለሳል» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ይግባ።

ትራክተሩና ፓምፖቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ከሆኑ መብቱ ለሌለው ሰው ቀረጡ ሳይከፈል አይተላለፉም። ግብርም አለ፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲተላለፍ በሚገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ይከፈላል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የአሁኑን ከገቢዎች ጠይቁ።

የመስኖ ባለሙያ ጅማ፦

ስለ ውሃው እኔ ልናገር። በ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 መሠረት ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ የእናንተን ያህል እርሻ ለማጠጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። በባህላዊ መስኖ የሚያጠጡት ገበሬዎች ግን ፈቃድ አይጠየቁም። ለቤት የሚቀዳ ውሃ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፤ የታችኞቹ ሰዎች ከዚያው ወንዝ የሚጠጡና የሚያጥቡ ከሆነ ያ ሰውዬ ክፍተቱን ልድፈን ሲል የራሱን ፈቃድ አደጋ ላይ እየጣለ ነው። የአባትሽ የውሃ ፈቃድ የት እንዳለ ፈልጊ፣ ጊዜው አልፎበት ከሆነ አሁኑኑ ይታደስ። የማክሰኞና የዓርብ ስምምነቱም ከፈቃዱ ጋር ተያይዞ በውሃ መሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ አመልክቱ። ሳጥን ውስጥ ያለን ወረቀት አዲሱ ሰው አላየሁም ሊል ይችላል፤ ፋይል ውስጥ ያለውን ግን አይችልም።

ዋጋውን በተመለከተ ውሃውን አስለኩት፣ ያውም በየካቲት። በመስከረም ሁሉም ወንዝ ሙሉ ነው፣ ለገዢ የሚነግረው ነገር የለም። አለካኩ ከባድ አይደለም። ቀጥ ካለው የቦዩ ክፍል 10 ሜትር ለኪና ሁለት ምልክት አድርጊ፤ ቡሽ ወይም ትንሽ እንጨት ጥለሽ ከምልክት ምልክት በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ ያዢ። ለምሳሌ ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ የውሃው ጥልቀት 30 ቢሆን፣ እንጨቱም በ20 ሰከንድ ቢደርስ፣ ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ስታባዢው በሰከንድ 76 ሊትር ያህል ይሆናል። በሰከንድ አንድ ሊትር ሌት ተቀን ከፈሰሰ ለአንድ ሄክታር ይበቃል የሚለውን ሻካራ ስሌት ብትወስጂ፣ 76 ሄክታር አካባቢ ማለት ነው። ደጋግመሽ ለኪና አማካዩን ያዢ። ከዚያ የዞኑ ባለሙያ መጥቶ በመሣሪያ ለክቶ ማኅተም ያሳርፍበት። የታችኞቹ ድርሻ ተቀንሶ የቀረውን ነው ለገዢ የምታሳዪው። የሚያውቅ ገዢ ከሄክታሩ ብዛት ይልቅ ለዚህ ቁጥር ይከፍላል።

የሰቃው ገበሬ፦

ልጄ፣ ከላይ የጻፉት ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ በዕድሜዬ ካየሁት የምጨምረው አለኝ። እርሻውን አትከፋፍሉት። አቮካዶው ያለ ዋናው ቦይ አይኖርም፣ ቦዩ የሚያልፈው ደግሞ በሜዳው ነው። ሁለት ባለቤት አንድ ቦይ ላይ ስታስቀምጡ ጠብ ዘራችሁ ማለት ነው፤ እዚህ እኛ ዘንድ ወንድማማቾች እንኳ ቦይ ተካፍለው ተጣልተዋል።

ሁለተኛ፣ ልንሸጥ ነው ብላችሁ የዘንድሮውን ስንዴ እንዳታስቀሩ። ኅዳር ላይ ዝሩ፤ ገዢው በየካቲት ሲመጣ ስንዴው አሽቶ፣ ውሃው በቦዩ ሲሄድ በዓይኑ ይየው። ያደረ መሬት የሚያሳይ ሰው ዋጋ ቢወርድበት አይግረመው፤ ገዢ ሙጃና አረም ሲያይ የሚያስበው የሚያወጣውን ወጪ ነው። ሰብሉ የማን እንደሚሆን ግን አስቀድማችሁ ጻፉ፦ አጭዳችሁ ታስረክባላችሁ ወይስ ከነቡቃያው ትሰጣላችሁ?

ሠራተኞቹንም አትርሱ። በ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ድርጅት ወደ ሌላ ባለቤት ስለተላለፈ ብቻ የሥራ ውል አይቋረጥም። ዝንጀሮና ከርከሮ የሚጠብቁት፣ የበሩን አከፋፈት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ስማቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ።

ስለ ሰፈሩ ሰዎች ደግሞ ማኅተሙ ጥሩ ነው፣ ለብቻው ግን አይበቃም። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ገዢውን ይዛችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከውሃ አባቱ ጋር ቡና ይጠጣ፣ ክፍተቱን እዚያው ቆሞ ይየው። አልሄድም ካለ ሰውየውን አወቃችሁት፤ ገንዘቡ ቢበዛም ይቅርባችሁ። የሄደ ሰው ግን ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷልና ነገ ከወንዙ በታች ሆኖ የሚጠይቀው አለ።

የሰርቦ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለአባዬ አነበብኩለት። የውሃ ፈቃዱን አግኝተነዋል፤ ጊዜው አልፏል፣ ለማሳደስ ሰኞ እናመለክታለን። የሽማግሌዎቹን ወረቀት ኮፒም አብረን እናስገባለን። መከፋፈሉን ወንድሜም ትቶታል፤ ቦዩ በየት በየት እንደሚያልፍ በወረቀት ስዬ ስልክለት ገባው።

ስንዴውን እንዘራለን። ክፍተቱን እደፍናለሁ ላለው ሰው አባዬ ራሱ ስልክ ደውሎ አይሆንም ብሎታል። ሌላ ሴት ገዢ አለች፣ ከአጋሮ፣ የቡና ነጋዴ ናት። በየካቲት መጥታ ሙሉ ቀን እንድትውል ጠይቀናታል፤ መጀመሪያ ወደ ታች ነው የምንወስዳት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሊዝ መብቱን ለማስተላለፍ ማመልከቻው የሚጀመረው ከወረዳ ነው ወይስ ከዞን? ሁለት ቢሮ ሄደን ሁለት የተለያየ መልስ ነው የሰጡን።

የብድር ሠራተኛ የነበረ፦

የሊዝ ውሉን ማን እንደፈረመ እዩ። አከራይ ብሎ ለፈረመው መሥሪያ ቤት ነው ማመልከቻው የሚጻፈው፣ ለሌላው በግልባጭ ይድረሰው። ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ሳትቀበሉ አትውጡ።