የእማዬ ትከሻ ከተመለሰ በኋላ እጇ ቀዘቀዘ፤ ምን ላድርግላት?

የእማዬ ልጅ፦ እባካችሁ የሚያውቅ ቶሎ ይመልስልኝ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደረጃ ላይ ወድቃ ትከሻዋ ወለቀ። ወጌሻ መጥቶ ጎትቶ መለሰው፤ «ገብቷል» ብሎን ሄደ። አሁን እጇ በረዶ ሆኗል፣ ጣቶቿ ደንዝዘዋል። ጎረቤቶች ነርቭ ነው ይላሉ። ለነርቭ ምን መድኃኒት ልግዛላት? በሙቅ ውሃ ልሽው?

ጌች ሳሪስ፦ አይዞሽ እህቴ። አባቴም ወልቆበት ነበር። ሞቅ ባለ ውሃ ጨው ጨምረሽ እሺው፣ ቅባት ቀቢው፣ በሻሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። አባቴ በሳምንቱ በግ ተሸክሞ ገባ፣ ያውም የፋሲካውን!

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦ አትሺው! አታሙቂው! ዕድሜዋ ስንት ነው? ስንት ሰዓት ላይ ወደቀች? የት ናችሁ? የጣቷን ጥፍር ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ይመለሳል? ከደህናው እጇ ጋር አስተያዪው። ብብቷንም ገልጠሽ እዪ።

ወሎዬው፦ ወጌሻን ባንወቅስ ጥሩ ነው። ስንት ሰው የቆመው በእነሱ እጅ ነው። መውደቁም ራሱ ሊጎዳት ይችላል።

የእማዬ ልጅ፦ 67 ዓመቷ ነው። የወደቀችው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቀኝ ትከሻዋ ነው። ጥፍሯን ስጫነው ነጭ እንደሆነ ይቆያል፣ የግራው ወዲያው ይቀላል። ብብቷ አብጧል፣ ወደ ደረቷ በኩል ጠቁሯል። ወጌሻው ተረከዙን ብብቷ ውስጥ ተክሎ ነበር የጎተታት። ያለነው ቢሾፍቱ ነው።

መምህር አናቶሚ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ራሱ ከነርቭ መነሳት የለበትም። በብብት ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ አክሲላሪ ይባላል። ከመጀመሪያው ጎድን ውጫዊ ጠርዝ ይጀምራል፤ ከብብት በታች ሲወጣ የክንድ ደም ቅዳ ይሆናል። ሐኪሞች በደረት ትንሹ ጡንቻ ምልክትነት በሦስት ይከፍሉታል። ትከሻ ሲወልቅ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሦስተኛው ክፍል ነው። ምክንያቱም ከዚያ የሚነሱ ቅርንጫፎች የክንዱን አጥንት አንገት ይዞራሉ፤ ግንዱን እንደ ካስማ ይዘውታል። የአጥንቱ ራስ ወደ ፊት ሲወጣ ደም ቅዳው ይወጠራል፣ መሸሻ የለውም። በዕድሜ ደግሞ ግድግዳው ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል። የክንድ ነርቮች ዙሪያውን ስለከበቡት የተጠራቀመው ደም እነሱንም ይጫናል። መደንዘዙ ከዚያም፣ ከደም ማጣትም ሊመጣ ይችላል።

ጌች ሳሪስ፦ እኔ አሁንም ጨውና ሙቅ ውሃ እላለሁ። ምንም አይጎዳም።

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦ ይጎዳል ወንድሜ። የደነዘዘ እጅ ቃጠሎ አይሰማውም። ማሸቱ ደግሞ ደሙን ሊያባብሰው ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ማሰሩ የቀረችውን ደም ይዘጋል።

ሦስተኛ ዓመት፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ። እጅ አንጓዋ ላይ ትርታ ካለ እኮ ደም ቅዳው ደህና ነው። አታስደንግጧት።

የእማዬ ልጅ፦ ትርታው ቀጠን ብሎ አለ መሰለኝ። ታዲያ ደህና ናት ማለት ነው?

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦ አይደለም! በትከሻ አጥንት ዙሪያ መተላለፊያ ደም ሥሮች አሉ። ዋናው ተቀድዶም በእነሱ በኩል ትንሽ ትርታ ሊደርስ ይችላል። ተማሪው ወንድሜ፣ ይህን ያዝልኝ። ቀዝቃዛ እጅና ያበጠ ብብት አንድ ላይ ካየህ ትርታው አያታልልህ።

ቨርጂኒያ ነዋሪ፦ እኔ የልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። የሚገርማችሁ ይህንኑ ደም ቅዳ እዚህ ሆን ብለን እንጠቀምበታለን። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቅስቱ (መታጠፊያው) ላይ ሲታመም፣ ሐኪሙ በቀኝ በኩል ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በታች ይከፍታል። አክሲላሪው ላይ ብዙ ጊዜ 8 ሚሊሜትር የሆነ ሰው ሠራሽ ቱቦ ይሰፋል፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን ደም በዚያ ይገባል። ቅስቱ ተከፍቶ እንኳ በቀኝ አንገት በኩል አንጎል ደም ያገኛል። ይህ ደም ቅዳ ከሌሎቹ ይልቅ በስብ መደደር ብዙም አይጠቃም፣ ለዚህም ይመረጣል።

የአዋሬ ልጅ፦ ጋሼ ይህን ሌላ ቀን ይንገሩን፣ አሁን እናቷ አደጋ ላይ ናቸው!

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦ እህቴ አሁኑኑ ውጡ። ጡንቻ ያለ ደም ብዙ አይቆይም፤ 6 ሰዓት ካለፈ የሚድነው ይቀንሳል። ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምረሽ ቁጠሪው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ያለበት ሪፈራል ሆስፒታል ይሻላል፣ እየሄዳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥዪው፣ ሳታጠብቂ። ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ስለሚችል አትብላ፣ አትጠጣ። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትወስድ እንደሆነ ንገሪያቸው። «ወልቆ ተመለሰ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ» ብለሽ ጀምሪ፤ ሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮችን የሚያሳይ የሲቲ ምርመራ) እንዲያስቡበት ጠይቂ። ከራሷ እግር በሚወሰድ ደም ሥር ይጠግኑታል፣ አንዳንዴ በስቴንት (ደም ሥሩ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ቱቦ)።

የእማዬ ልጅ፦ አስፕሪን ትወስዳለች። የጎረቤት መኪና ተገኝቷል። ወጣን።

ወሎዬው፦ እግዚአብሔር ይማራት። ከደረሳችሁ ጻፊልን።

ሰላም ከጅማ፦ ርዕስ ካልቀየርኩ፣ ወንድሜ በክራንች ነው የሚሄደው፣ ብብቱን ይደነዝዘዋል። ይኸው ነገር ነው?

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦ ሊሆን ይችላል። በብብት ተደግፎ መሄድ ነርቩን ይጫናል፣ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ደም ቅዳውንም ይጎዳል። የክራንቹ ራስ ከብብቱ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ ክብደቱን በመዳፉ ይያዝ። እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ከነጣ ግን ቁመቱን አስተካክላችሁ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ያሳዩት።