የሌሊት ዲዩቲ እየሠሩ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት መማር ይቻላል?

የሌሊት ተረኛዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ትውልዴ ቢቸና ነው። ሳይካትሪ ነርስ ሆኜ ስድስት ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ሠራሁ፤ በመሀሉም በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርሴን ያዝሁ። ለዶክትሬት የትምህርት ፈቃድ ስጠይቅ ደብዳቤዬ ከአለቃዬ መሳቢያ ገብቶ ስምንት ወር ከረመ። ሲመረኝ ለቀቅሁ። አሁን እዚሁ ጎጃም በአንድ የግል ክሊኒክ ፓርት ታይም ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት እንደ ማንኛውም ነርስ ዲዩቲ እገባለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ተመላላሽ አያለሁ።

ይህን ሥራ ሳልለቅ ዶክትሬቱን መማር ይቻላል ወይ? ነገሩ የብር ብቻ አይደለም። (ብርም ነው፤ እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ።) ማጥናት የምፈልገው ነገር ያለው ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሆነ ነው።

የድብርት መጠይቁን፣ ፒ.ኤች.ኪው-9ን፣ ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ተደምሮ ከ27፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድብርቱ በርትቷል ማለት ነው። አማርኛው አገራችን ውስጥ ተፈትሿል፤ እኔም ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። ግን የሚጠይቀው ሁሉ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ስለሆነው ነው። በቀደም ከጮቄ ሥር የመጡ አንድ እናት ይህን ስላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉኝ። ደገምሁት፤ ዝም። እንደ ዝምታቸው ብሞላው ኖሮ 5 እንኳ አይደርስም ነበር። ከዚያ «ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም ባለው ውስጥ እንቅልፍዎ እንዴት ነበር?» አልኋቸው። ከ12 እስከ 27፣ ያው 15 ቀን ነው። «በሚካኤልማ ደኅና ነበርሁ፤ ከማርያም ማግስት ነው ሆዴን ባር ባር ያለኝ። እንጀራውን ምጣዱ ላይ ረስቼው አረረ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወሬው ፈሰሰ። ስደምረው 16 ወጣ።

የምጽፈው ይህን ነው። ቢሮ ተቀምጬ ግን አላገኘውም።

አዲስ አበባ ያለሁ፦

እህቴ፣ እኔ ዶክትሬቴን ስጀምር ሆስፒታል እሠራ ነበር፤ አሁን ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ኮርስ እያለ የማይሆን ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ሌሊት አድረሽ ጠዋት ክፍል መግባት አይታሰብም። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ግን መረጃ የምትሰበስቢው እዚያው ስለሆነ ሥራሽ ይረዳሻል እንጂ አይጎዳሽም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አስቢበት። ወር በገባ ሞዲኬት፣ የአእምሮ ሕመሙን መርፌ፣ የምትወጋው ነርስ «ጥናቴ ላይ ይሳተፋሉ?» ስትለው እንቢ የሚል ገበሬ አለ? ሕክምናዬን ትከለክለኛለች ብሎ ይፈራል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። እኔን ፕሮፖዛሌን ሁለቴ አስመልሶኛል። ፈቃዱን የሚጠይቅልሽ ሌላ ሰው አዘጋጂ፣ እሱም ነጭ ጋወን አይልበስ።

የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ ሚኒሶታ፦

የአገሬ ልጅ፣ ወደ አሜሪካ ካሰብሽ መንገዱ ሁለት ነው። ፒ.ኤች.ዲው ጥናት ይበዛበታል፤ ብዙ ጊዜ ክፍያው ተሰርዞልሽ የኪስ ገንዘብም ይሰጡሻል፣ ነገር ግን ብዙው ትምህርት ክፍል ውጭ መሥራትን አይወድም። ሳይ.ዲው ወደ ሕክምናው ያደላል፤ እሱን ባመዛኙ ከኪስሽ ወይም ተበድረሽ ነው የምትማሪው። እኔ ሳይ.ዲ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ በነርስነት እየሠራሁ ነው እዚህ የደረስሁት። የቻልሁት ግን ግሪን ካርድ ስላለኝ ነው። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት የሚፈቀድለት እዚያው ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ሆስፒታል ሄዶ ዲዩቲ መግባት አይችልም፤ ደላላ ሌላ ቢነግርሽ አትስሚው። መጨረሻ ላይ ያለው የኢንተርንሺፕ ዓመትም ሙሉ ቀን ስለሆነ እኔም ያኔ ሥራዬን አቁሜአለሁ።

«ኦንላይን ዶክትሬት» የሚሉሽንም ተጠንቀቂ። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ለሆነ የክሊኒካል ዶክትሬት ዕውቅና አይሰጥም።

ደግሞ የሚካኤሉን ነገር ስታወሪ ቡና እያፈላሁ ነበር፤ ገነፈለብኝ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ሁለተኛ፣ ዶክተር ከተባልሽ በኋላ ያቺን ቅዳሜ ትቀመጫለሽ ወይ? እኔ 31 ዓመት ጤና ጥበቃ ሠርቻለሁ። «ለገበሬው ነው የምማረው» ብሎ ሄዶ አዲስ አበባ ያልቀረ ያየሁት ሁለት ሰው ነው። አንዱም የተመለሰው ሚስቱ ዳንግላ ስላለች ነው።

የሌሊት ተረኛዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፈቃዱን ነገር ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር። ካርድ ክፍል የምትሠራውን ልጅ አነጋግሬአት እሺ ብላለች። የአሜሪካውን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ እዚሁ አመለክታለሁ።

ጋሼ፣ አምስት ሰዓት እተኛለሁ፣ እሱም ተቆራርጦ። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የለኝም። እቀመጣለሁ ብልዎ የሄዱትም እንዲሁ ብለው ነበር።

ከሦስቱ ሌሊት ሁለቱን ልተው ወስኛለሁ። የረቡዕን ግን አልተውም። እኒያን እናት ስቀጥራቸው «ለሚካኤል እመጣለሁ» አሉኝ፤ ሚካኤል ሐሙስ ነው የሚውለው፣ ሐሙስ ደግሞ ተመላላሽ የለንም። ቅዳሜ ይሁን ልል ብዬ ተውሁት። ጠዋት ከዲዩቲ ስወጣ በር ላይ አገኛቸዋለሁ።