ቦሎኛ ለምትማሩ፦ ፓስታው ከየት ይገዛ፣ ሙያው ከማን ይለመድ

ጣሊያን አገር ቦሎኛ ለትምህርት የምትመጡ ልጆች የምትጠይቁኝ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ነው። ስለ ምግብ የሚያነሳልኝ የለም። እኔን ግን ከዚህ ከተማ ጋር ያላመደኝ ምግቡ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ።

ከደረቅ ፓስታ ልጀምር፤ አዘውትራችሁ የምትበሉት እሱን ነው። ሱፐርማርኬት ስትገቡ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው በሰማያዊ ማሸጊያ ያለው ባሪላ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ክፉም አይደለም። ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ ግን ሩሞ የሚባለውን ግዙ። ልዩነቱ ገና ሳይቀቀል ይታያል። ባሪላው ለስላሳና ቢጫ ነው። ሩሞው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ሊጡ ተገፍቶ የሚወጣበት ቀዳዳ ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ ነው። ስጎውን የሚይዘው ያ ሻካራ ገጽ ነው፤ ከለስላሳው ላይ ግን ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይቀራል። ማሸጊያው ላይ «ትራፊላታ አል ብሮንዞ» የሚለውን ፈልጉ።

ለጾመኛም ይሆናል። ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ነው የሚሠራው፤ እንቁላል ያለበት ከሆነ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። የቦሎኛው ትኩስ ፓስታ ግን እንቁላል አለው። ረቡዕና ዓርብ እኔ ፓስታ በሽንብራ እሠራለሁ።

አይብ ላይ ሰው ሁሉ ግራና ፓዳኖ ይሻላል ወይስ ፓርሚጃኖ ይላል። ግራና እስኪበስል ቢያንስ 9 ወር፣ ፓርሚጃኖ ቢያንስ 12 ወር ይቆያል። ምግብ ውስጥ ለሚገባ ግራና ይበቃል። ከላይ ለሚነሰነስ የ24 ወሩን ፓርሚጃኖ ግዙ። የተፈቀፈቀውን ሳይሆን ቁራጩን፤ ቅርፊቱንም አትጣሉ፣ የባቄላ ሾርባ ውስጥ ሲበስል ጣዕሙ ሌላ ነው።

አትክልት ለመግዛት ፒያሳ ማጆሬ አጠገብ ያለው ኳድሪላቴሮ የሚባለው የገበያ ሰፈር ያምራል፣ ግን ዋጋው ለጎብኚ ነው። እኔ የምሄደው ኡጎ ባሲ መንገድ ላይ ወዳለው ገበያ፣ ወደ መርካቶ ዴሌ ኤርቤ ነው። ስሙ ራሱ አዲስ አበባን ያስታውሳል።

አሁን ወደ ሙያው፣ ትኩስ ፓስታ በእጅ ወደ መሥራቱ። ለቱሪስት ወደ ተከፈተ አንድ የማብሰያ ትምህርት ቤት ከፍዬ ገብቼ ነበር። ሊጡ ተቦክቶ ጠበቀን፣ እኛ ቆርጠን ፎቶ ተነሳን። ምንም ሳልማር ወጣሁ። ያስተማሩኝ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ሲኞራ (ወይዘሮ) ናቸው። 100 ግራም ዱቄት፣ 1 እንቁላል፣ ለአንድ ሰው። ሊጡ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ ማታሬሎ በሚሉት ረጅም መዳመጫ እንጨት ይዳመጣል። ሲኞራዋ መሃሉን አይጫኑም፤ ጠርዙን እንጨቱ ላይ ይጠቀልሉና መዳፋቸውን ወደ ጎን እያንሸራተቱ ይስቡታል። ቦሎኛዎች በሊጡ ውስጥ ሳን ሉካ መታየት አለበት ይላሉ፤ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። የሳቸውን መስኮቱ ላይ ሲዘረጉት ጣቶቻቸው ከወዲያ በኩል ታዩኝ። የኔ እዚያ ለመድረስ ወራት ፈጀ። ጎረቤት ካላችሁ ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው፣ እንዲያሳዩአችሁም ጠይቁ። ከየትኛውም ኮርስ በፊት ይህን ሞክሩ።

ራጉ በሚሉት የሥጋ ስጎ ላይ እኛ ሐበሾች እንቀድማለን፣ ከልቤ ነው። መሠረቱ ቁሌት ነው፦ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ በቀስታ ይቁላላል። ከዚያ የተፈጨ ሥጋ፣ ወይን፣ ትንሽ ቲማቲም፣ ወተትም ይገባበታል። እሳቱ ዝግ ብሎ ሁለት ሦስት ሰዓት። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። የሚበላውም ታሊያቴሌ በሚሉት ረጅምና ጠፍጣፋ ፓስታ እንጂ በስፓጌቲ አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማው ንግድ ምክር ቤት የተመዘገበው አሠራር ፓንቼታ፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ አለበት። የማትበሉ በከብት ሥጋ ብቻ ሥሩት፤ እኔ እንደዚያ ነው የምሠራው። ቶርቴሊኒ የሚባለው ትንሹ የተሞላ ፓስታም አሳማ አለው። በምትኩ ሪኮታ (ለስላሳ አይብ) የተሞላውን፣ ተለቅ ያለውን ቶርቴሎኒ እዘዙ፤ በቅቤና በሳልቪያ ቅጠል ሲቀርብ በጣም ይጣፍጣል።

የፈተና ሰሞን ሊጥ አትዳምጡ። ትኩስ ፓስታ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ለአንድ ሰው 100 ግራም ታሊያቴሌ ብላችሁ ጠይቁ፤ ውኃው ሲፈላ ጨው ጨምሩበትና ፓስታውን ክተቱት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።