ለእግር ጉዞ ምን ዓይነት የዝናብ ሱሪ ልምረጥ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ዝናብ ላይ ጃኬቴ አያሳፍረኝም። ችግሬ ከወገብ በታች ነው። ከጃኬቱ ጫፍ የሚወርደው ውሃ ጭኔን አርሶ ካልሲዬ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ልገዛ ነው። አንዱ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ላይ 20,000 ሚሊ ሜትር የሚል ተጽፏል፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቁጥሩ ምን ማለት ነው? ውዱስ ያዋጣል? አብዛኛውን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚውለው፤ የማወጣው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው።

ዳገት ወዳድ፦ ቁጥሩ ጨርቁ የሚችለውን የውሃ ግፊት ይናገራል። 10,000 ማለት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጫነው ይቋቋማል ማለት ነው። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል ጉልበት የለውም። ግን ሱሪ እንደ ጃኬት አይደለም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለህ፣ ጭቃ ላይ ትንበረከካለህ። ያኔ የራስህ ክብደት ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ለአንተ አጠቃቀም 10,000 ይበቃል ባይ ነኝ። ከቁጥሩ ይልቅ ሱሪውን ገልብጠህ ስፌቱን እይ። በየስፌቱ ላይ ስስ ጥብጣብ ተለጥፎ ካላየህ ተወው። መርፌ የበሳው ሁሉ የውሃ መግቢያ ነው።

ጭቃው፦ እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ዚፕ ነው እላለሁ! ዶፉ ሲወርድ በአንድ እግርህ ቆመህ፣ ጭቃ የለበሰ ጫማህን በጠባብ ሱሪ ለማሾለክ ስትታገል አስበው። ሱሪውን እስክታጠልቅ በስብሰሃል። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚከፈት ዚፕ ያለው ሱሪ ጫማ ሳያስወልቅ ይለበሳል፤ ክብደቱ ግን ይጨምራል። ዚፑ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርሰው መሃል ሰፋሪ ነው፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ስትሞክረው ደግሞ ከምትሄድበት ሱሪ በላይ፣ ከነጫማህ ልበሰው። ጉልበትህን ወደ ደረትህ አንሳ። ወገቡ ከተንሸራተተ ወይም ጉልበትህ ላይ ከያዘህ ጠቦሃል። ቦርሳህ የወገብ ቀበቶ ካለው እሱንም እሰረው፤ ከስሩ የገባ ቁልፍ ውሎ አድሮ ሥጋ ይበላል።

ሽርጥ ለባሽ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ላብ ማንም አላነሳም። የቱንም ያህል «አየር ያስወጣል» ቢሉህ ዳገት ላይ ማላብህ አይቀርም። ብርድ ከሌለ እኔ ወገብ ላይ የሚጠመጠም የዝናብ ሽርጥ እለብሳለሁ። ከስር አየር ይገባል፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ አይዝም።

ዳገት ወዳድ፦ ንፋስ ሲነሳስ? ሽርጥህ ወደ ላይ ይገለባል፣ እሾህ ካለም ይቀደዳል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ እርጥበትና ንፋስ ሲገናኙ የሰውነት ሙቀት ቶሎ ይወርዳል። እዚያ ሱሪውን አልተውም።

ሽርጥ ለባሽ፦ እሱስ ልክ ነህ። ብርድ ከሌለ ያልኩት ለዚህ ነው።

አጣቢዋ፦ ወንድሜ፣ የቱንም ግዛ፣ አያያዙን እወቅ። አዲስ ሱሪ ላይ ውሃው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ይህ የላይኛው ጨርቅ ቅብ ሥራ ነው፤ በጊዜ ይደክማል። ያኔ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ላብህም መውጫ ያጣል። ብዙ ሰው «አፈሰሰ» ብሎ የሚጥለው የራሱ ላብ ያረጠበውን ሱሪ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ልብስ በተሠራ ሳሙና እጠበው፤ ጨርቅ ማለስለሻ አታስጠጋው። መለያው ከፈቀደ በማሽን ለስ ባለ ሙቀት ማድረቅ ቅቡን ያነቃዋል። ካልተመለሰ የሚረጭ ቅብ አለ። አንተ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይውላል ብለሃል፤ እርጥቡን ጠቅልለህ አትርሳው። የውስጡ ሽፋን መላላጥ የሚጀምረው እንዲያ ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! እንግዲህ 10,000፣ ስፌቱ የታሸገ፣ ዚፑ እስከ ጉልበት። አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፦ የባት መሸፈኛ አለኝ፤ ከሱሪው በላይ ነው ወይስ በታች የማስረው?

ጭቃው፦ ዝናብ ከሆነ በታች። ከላይ ካሰርከው ሱሪው ላይ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ጫማህ ውስጥ ይገባል።