የደጋን ክንድ፦ ሆዱ ክብ ይሁን ወይስ ጠፍጣፋ?

የታቦር ሥር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ። ያደግሁት አያቴ ጥጥ የምትነድፍበትን ደጋን እያየሁ ነው። አሁን ደግሞ ቀስት የሚያስወነጭፍ ደጋን ለመሥራት እየታገልኩ ነው። የመጀመሪያውን ከዋንዛ ሠራሁት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ የክንዱ ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር። ወደ ዒላማው የሚዞረውን ጀርባውን ጠፍጣፋ አደረግሁት። ወደ እኔ የሚዞረውን ሆዱን ግን በሞረድ ግማሽ ክብ አስመሰልኩት፤ በፎቶ ያየሁት የእንግሊዞች ረጅም ደጋን እንደዚያ ነበር። ሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። ከዚያ ሆዱ ላይ በአግድም ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች ወጡ። በጥፍሬ ስዳስሳቸው ይይዛሉ። ጅማቱን ስፈታውም እንደጎበጠ ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት። የደረቀ የወይራ ፍልጥ አለኝ፤ እሱንም እንዳላበላሸው ምን ላድርግ?

አናጺው፦
አይዞህ ወንድሜ። ችግሩ ቅርጹ ላይ ነው። ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት መለጠጡን ይችላል፤ የሚሸነፈው ሲጨመቅ ነው። ሆዱን ስታከበው ጫናው መሃል ለመሃል ባለች ጠባብ መስመር ላይ አረፈ። ያየሃቸው መስመሮች እንጨቱ ተጨምቆ የተሰበረባቸው ቦታዎች ናቸው።

ለእንግሊዞቹ ያ ቅርጽ የሆነላቸው በእንጨቱ ነው። የው የሚባለው ዛፍ የውስጡ ቀይ ክፍል መጨመቅን፣ የውጭው ነጭ ክፍል መለጠጥን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1545 ከሰጠመችው ሜሪ ሮዝ ከምትባል የእንግሊዞች የጦር መርከብ ከመቶ በላይ የየው ደጋኖች ወጥተዋል። ዋንዛ ግን ቀለል ያለ እንጨት ነው። እሱን 5 ሴንቲ ሜትር አስፋውና ሆዱን ጠፍጣፋ አድርገው። ወይራ ከባድ ስለሆነ 4 ይበቃዋል፤ ሆዱ ግን እሱም ላይ ጠፍጣፋ ይሁን። ጠርዞቹን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ።

ውፍረቱ ላይ ተጠንቀቅ። ስፋቱን እጥፍ ብታደርገው ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱን እጥፍ ብታደርገው ግን ስምንት እጥፍ። 10 ሚሊ ሜትር የነበረውን 9 ካደረስከው ከሩብ በላይ ጉልበቱን አጣህ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ መላጊያውን አስቀምጥና በመስተዋት ስባሪ ፋቅ። ትንሽ ፍቀህ፣ ትንሽ ስበህ፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል መጉበጣቸውን እይ።

ሀይቅ ዳር፦
በሆዱ እስማማለሁ። እኔ የምፈራው ጀርባውን ነው። የእኔ የተሰበረው በዚያ በኩል ነበር፤ በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ስለነበር የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ጀርባው ላይ በሰያፍ ወጥቷል። ያንተ ፍልጥ መሆኑ ጥሩ ነው። እንጨቱ የተሰነጠቀበትን መስመር ተከተል፤ ቢጣመምም አታቃናው። አንዳንዶች ጀርባውን ከሆዱ ያጠቡታል፣ ሆዱ እንዲያርፍ ብለው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርህም። ቀስት ሳይኖርበት ስበህ እንዳትለቅም፤ ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ ራሱ ክንዱ ላይ ያርፋል።

የታቦር ሥር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ወይራው ላይ በእርሳስ 4 ሴንቲ ሜትር ለክቼ አሰመርኩ። መሃሉ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ይጣመማል። መስመሬም አብሮት ተጣሟል፤ እንዲሁ ተውኩት።