ተምር በበሶ፦ ለጉባኤው የምናቀርበው ዕቅድ ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ በተባባልነው መሠረት ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «ማኅበራችን ከጅማ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ከተምርና ከኮኮናት ያለ እሳት የሚሠራ ጤናማ መክሰስ ለተማሪዎችና ለመንገደኞች ያቀርባል።» ያልጣማችሁ ነገር ካለ አሁን ተናገሩ። ጉባኤው ላይ ማጉረምረም የለም!

አባል፣ ከኮቺ፦
«ያለ እሳት» የምትለዋ ትውጣ። ኦቾሎኒው ይቆላል። በሶውም ቢሆን ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። «ሳይጋገር» በሉት፣ ይበቃል። ለመሆኑ ከእኛ ውስጥ መጋገሪያ ያለው ስንት ሰው ነው? መብራቱንስ ማን ያምነዋል? ምጣድና ሙቀጫ ያለው ሁሉ የሚሠራው መሆኑ ነው ጉባኤውን የሚያሳምነው።

ጸሐፊ፦
ተቀብያለሁ። እትዬ፣ ለቅምሻ ያመጡልንን ልኬቱን ይጻፉልን።

አባል፣ ከሄርማታ፦
እሺ ልጄ። ፍሬው የወጣለት ተምር ግማሽ ኪሎ፣ ተቆልቶ የተገለፈፈ ኦቾሎኒ ሩብ ኪሎ፣ በሶ 150 ግራም፣ ኮኮናት 100 ግራም። ተምሩ ደረቅ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ይነከርና በደንብ ይንጠፍጠፍ። ውሃ ከቀረበት ቶሎ ይበላሻል። ኦቾሎኒውን ዱቄት አታድርጉት፤ ጥርስ ላይ ኮሽ ይበል። ተምሩ ዘነዘናው ላይ እየተጣበቀ ታግሎኝ ነበር፤ ዘይት ነካ ሳደርገው ለቀቀኝ። በሶው መጨረሻ ላይ ነው፣ በትንሽ በትንሹ። መዳፍ ላይ መጣበቁን ሲተው በቃው ማለት ነው። ከዚያ ማድቦልቦል ነው። እያንዳንዷ 20 ግራም ከሆነች 50 ፍሬ ይወጣል።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ጭኮ ነው፤ ቅቤው ወጥቶ ተምር ገባ እንጂ። ስለዚህ የጾምም ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦
የጾም መሆኑን በደማቁ ጻፉልኝ። በ2017 ዓ.ም ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ለሁለቱም የሚሆን ነገር ጅማ ላይ አይከስርም።

የኮኮናቱ ዋጋ ግን ሆድ ይቆርጣል። እዚህ የሚበቅል አይደለም፣ በፓኬት ነው የምንገዛው። 100 ግራም ምን ያደርጋል? ላዩ ላይ ማንከባለያ ብቻ ይሁን፤ 40 ይበቃል። የቀረው 60 በበሶ ይተካ።

አባል፣ የጤና ባለሙያ፦
ከገንዘቡም ሌላ ምክንያት አለ። ደረቅ ኮኮናት ከመቶ ከ60 በላይ ቅባት ነው፣ አብዛኛውም እንደ ቅቤ የሚረጋው ዓይነት።

«ጤናማ» የሚለውንም ብናወጣው እመርጣለሁ። ስኳር አልጨመርንም፣ እውነት ነው። ግን ተምር ራሱ ከመቶ ከ60 በላይ ስኳር ነው። በእትዬ ልኬት አንዷ ፍሬ ወደ 6 ግራም ስኳር አላት። ሁለት የበላ ልጅ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ገባለት። ከከረሜላ በብዙ ይሻላል፤ አሰሩም ኦቾሎኒውም አለ። ቢሆንም «ስኳር ያልተጨመረበት» እንበል። ኦቾሎኒ እንዳለበትም ማሸጊያው ላይ ይጻፍ፤ የማይስማማው ልጅ አለ። ስንገዛም ሻጋታ የነካውን እየለቀምን እንጣል። የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው፣ ስለተቆላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

አባል፣ ከኮቺ፦
ማርስ? የጅማ ማር እያለ ዝም ልንል ነው?

አባል፣ የጤና ባለሙያ፦
ስኳር ላይ ስኳር ይሆናል ወንድሜ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ጨርሶ አይሰጥም። ተምሩ ለብቻው ያጣብቃል።

አባል፣ ከቦሳ ኪቶ፦
እኔ የምፈራው «የጅማ የደረቀ ፍራፍሬ» የሚለውን ነው። ነሐሴ ላይ ሙዝ ላደርቅ ሞክሬ ነበር። ከትፌ ሰፌድ ላይ ዘረጋሁት፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይዤው ወደ ቤት እሮጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጸጉር አበቀለ። የኛን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጫማ እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሻግታል። ያልያዝነውን ቃል አንግባ።

አባል፣ ከኮቺ፦
በጋ ላይስ? አጎቴ ቡና የሚያደርቅበት አልጋ ጥር ላይ ባዶውን ነው የሚቆመው። ከሥርም ከላይም ነፋስ ያገኘዋል። ሙዙ ስስ ተደርጎ ይከተፍ፣ እንዳይጠቁር የሎሚ ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ይውጣ፣ ከላይ ለዝንቡ ነጠላ ጣል ይደረግበት።

ገንዘብ ያዥ፦
አልጋው በነፃ ከሆነ እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ይሄው፦ «ማኅበራችን ከተምር፣ ከኦቾሎኒና ከበሶ ሳይጋገር የሚሠራ፣ ስኳር ያልተጨመረበት የጾም መክሰስ ለተማሪዎችና ለመንገደኞች ያቀርባል። ከጥር ጀምሮ በጅማ ሙዝ የማድረቅ ሙከራ ያደርጋል።» ኮኮናት ወደ ዕቃ ዝርዝሩ ወርዷል። መንገደኛውን ያልተውኩት አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በብስኩት የሚሄድ ሰው ያሳዝነኛል።

አባል፣ ከሄርማታ፦
ቅዳሜ እኔ ቤት እንሥራና በአዲሱ ልኬት እንቅመሰው። ዘነዘናዬ አንድ ነው፣ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ገንዘብ ያዥ፦
እመጣለሁ እትዬ። ብቻ ባለፈው 50 ፍሬ ተሠርቶ እኔ ጋ ሲደርስ የቆጠርኩት 38 ነው። በጀቱ ላይ «ቅምሻ» የሚል መስመር ይጨመርልኝ።