እናቴ መዝሙር ይወጣላታል፣ «ውሃ» ማለት ግን አቃታት። ምን እናድርግ?

የኮዬ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ስትሮክ ከመታት 4 ወር ሆነ። የተጎዳው ግራ አንጎሏ ነው፣ ቀኝ እጅና እግሯም ደክሟል። የምንላትን ትረዳለች፤ «ነጠላሽን አምጪ» ስንላት ታመጣለች። ንግግሯ ግን ከ«እ... እ...» አያልፍም። መዝሙር ሲከፈት ከነቃሉ አብራ ትዘምራለች! ፊዚዮቴራፒ ከተማ ድረስ የምንወስዳት በወር አንዴ ነው። ቀኑን ሙሉ መዝሙር ብንከፍትላት ንግግሯ ይመለሳል? ለአረማመዷስ የሚረዳ አለ?

ዜማና ቃል
መክፈት ብቻውን አይበቃም እህቴ። መዝሙሩ የሚወጣላቸው በቃል የተያዘ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ከመሃል አንዷን ቃል ነጥለው ውሃ ሲጠማቸው ልጠቀምባት ቢሉ እሺ አትላቸውም። ስለዚህ የሚዜመው የዕለት ንግግሩ ራሱ ነው። ዘዴው በ1973 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቦስተን ውስጥ የተጀመረ ነው፤ የሚጠቅመውም እንደ እናትሽ እየተረዳ ቃል ለሚያንቀው ሰው ነው። ያለማቋረጥ እየተናገረ ንግግሩ ትርጉም ለማይሰጥ ሰው አይሆንም።

ቴሌቪዥኑን አጥፊና ፊት ለፊታቸው ተቀመጪ፣ ከንፈርሽ ይታያቸው። ግራ እጃቸውን ይዘሽ ጠረጴዛውን በቀስታ ምቺ፣ በሰከንድ አንዴ ያህል። ግራ እጅን የሚያዘው ያልተጎዳው ቀኝ አንጎል ነው (ቤተሰቡ «እንዴት በግራ!» ካለ ምክንያቱ ይህ ነው በያቸው)። መጀመሪያ አፍሽን ዘግተሽ ዜማውን ብቻ አሰሚ። ቀጥሎ ሐረጉን አብራችሁ አዚሙ። ከዚያ አብራችሁ ጀምሩና አንቺ መሃል ላይ ዝም በይ፣ እሳቸው ይጨርሱት። ይህ ከተሳካ አንቺ ብለሽ እሳቸው ይድገሙ። መጨረሻ ላይ «ምን ልስጥሽ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱ ያው የተለማመዱት ሐረግ ይሁን። ከተሰናከሉ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ፣ «አይደለም፣ እንዲህ በይ» አትበያቸው።

በ«በቃኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ውሃ ስጡኝ» ጀምሪ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሐረግ አትለፊ።

ሳድስ
ብዙ ሰው የሚስተው ምቱን በፊደል ሲቆጥር ነው፤ ምቱ የሚሄደው አፍ ቃሉን ከፋፍሎ በሚያወጣበት ነው። «ደከመኝ» 4 ፊደል ነው፣ ምቱ ግን 3፦ ደክ፣ ከ፣ መኝ። «በቃኝ» 2 ምት ነው፦ በቅ፣ ቃኝ። «ውሃ ስጡኝ» 4። «ኝ»ን ለብቻዋ ከመታሽላቸው «ኚ» እያሉ ይለምዱና በኋላ ለማስተው ሌላ ሥራ ይሆንብሻል። የሚጠብቀውንም ፊደል አታላዪው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፤ እየጎተቱ ሲያዜሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ይሄ ልዩነት ነው።

ዜማው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ አንድ ከፍ አንድ ዝቅ። የሁለቱን ርቀት ለማወቅ ክራር የሚጫወት ጎረቤት ካለ በትዝታ ሜጀር ቅኝት 3ኛውንና 4ኛውን ድምፅ ያሰማሽ። ሐረጉን እንደ ወትሮው ተናገሪው፤ ድምፅሽ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ከፍተኛውን አድርጊ።

ለቡ
ስለ ክራሩ አትጨነቂ። ጀርመን ውስጥ በ17 ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቃል በማውጣቱ ላይ ከዜማው ይልቅ ምቱና የሐረጉ መለመድ እንደሚወስኑ ነው ያሳየው። ድምፅሽ ዜማ ባይይዝም ምቱን ጠብቂ። ዋናው ስህተት በዜማ ላይ መቅረት ነው። ሐረጉ ሲለመድ ግማሽ ንግግር ግማሽ ዜማ አድርጊው፣ ቀጥሎ ወደ ተራ ንግግር አውርጂው።

መጠኑን በተመለከተ፣ በባለሙያ ሲሰጥ በቀን 1 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 5 ቀን የሚደርስበት አለ። ቤት ውስጥ 20 ደቂቃ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሳይደክማቸው።

ሰባት እርምጃ
ለአረማመዱ ሜትሮኖም የሚባል፣ እኩል ምት እየደጋገመ የሚያሰማ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራውን ምረጪ። እንደ ልማዳቸው ሲሄዱ በ30 ሰከንድ በሁለቱም እግር ስንት ጊዜ እንደረገጡ ቁጠሪና በ2 አባዢ። 26 ከሆነ 52 ነው፤ ሜትሮኖሙን እዚያው 52 ላይ አድርጊ። ዓላማው መፍጠን አይደለም፣ ሁለቱ እግሮች እኩል ጊዜ እንዲወስዱ ነው። መጀመሪያ ተቀምጠው በእግራቸው ምቱን ይምቱ፣ ከዚያ ቆመው፣ ከዚያ 10 ሜትር ያህል ደልዳላ ወለል ላይ። ኮብልስቶንና የኮዬን ጭቃ ተዪው። በደካማው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብለሽ አጅቢያቸው። 3 ቀን ሳይዛነፉ ከሄዱ በ5 በመቶ ጨምሪ፣ ወደ 55። እርምጃቸው ካጠረ ወይም እግራቸው መሬት ከጎተተ በዝቷል፣ መልሺው። በየ3 ዙሩ አንዱን ያለ ድምፅ ይሂዱ፤ ምቱ ከውስጣቸው መያዙ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የኮዬ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ከበሮ አለ፣ ወንድሜ ቢመታላትስ?

ሰባት እርምጃ
ተቀምጠው ለሚያደርጉት ልምምድ ጥሩ ነው። ለመራመዱ ግን አይሆንም፤ እሳቸው ሲዘገዩ መቺው ሳያውቀው አብሮ ይዘገያልና መሪው ተመሪ ይሆናል። ችክችካም አይምታ፣ ረጅምና አጭር ስለሚፈራረቅበት እግሩም እንደዚያው ማነከስ ይማራል።

ሳድስ
በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮ አልሰማም ይሉ ይሆናል፤ ያኔ ጭብጨባ ወይም ጠረጴዛ ይበቃል። ንግግራቸው ወይም ክንዳቸው በድንገት ከነበረው ከባሰ ግን ልምምዱን አቁማችሁ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።